ጫማ የማይገባበት ጉድጓድ

ቸሩ ሌባ አይወድም። ሌባ የሚወድ ማን አለ ብትሉ ልክ ናችሁ፤ ቸሩ ግን አለመውደዱን እንደ ሙያ ይዞት ነበር። አሶሳ አገር፣ ከመንጌ ወዲያ፣ ወንዙ ዳር፣ እሱ በሚያዝዝበት የወርቅ ጉድጓድ የሚሠራ ሰው ማታ ከሥራ ሲወጣ ተሰልፎ ይፈተሻል። ፀጉሩን ያራግፋል፣ ጥፍሩን ያሳያል፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሣል። ቸሩ ራሱ መጨረሻ ላይ ይቆምና "እኔንም ፈትሹኝ" ይላል፤ ይህን ሲል ታዲያ የሚያየው ሰው በዛ ቢል ይወዳል። ከሁሉ የሚኮራበት ሕግ ግን የጫማው ነው። ከእሱ ጉድጓድ ጫማ አይገባም። ቦቲ የለ፣ ኮንጎ የለ፣ ነጠላ ጫማ የለ፤ ሁሉም በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ይውላል። ለምን ቢባል፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው በቦቲው ሶል ስንጥቅ ውስጥ ወርቅ ጠቅጥቆ ሲወጣ ተይዟል። በአንድ ሰው ምክንያት ሠራተኛው ሁሉ እግሩን ለጭቃ ሰጠ።

ሽንት ቤት የሚባል ነገርም አልነበረም። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ቁጥቋጦ የሁሉም ሽንት ቤት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ታዲያ ቁጥቋጦው ታጥቦ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ጭቃ አይጸየፍም።

መሬቱ የሐመድ ነው። ሐመድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ የአባቶቹ መሬት ስለሆነ ከሚወጣው ወርቅ ድርሻውን ይወስዳል፣ ቀን ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ቸሩ ደግሞ የተወለደው አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች፣ አምባ ከሚሏቸው፣ ባንዱ ነው። እናት አባቱ በድርቁ ጊዜ ደርግ ከወሎ አምጥቶ ያሰፈራቸው ናቸው። ቸሩ ወሎን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ አነጋገሩን ለሰማ ግን ትናንት ማታ ከደሴ የወረደ ነው የሚመስለው።

ታናሽ እህቱን አይናለምን ወደ ጉድጓዱ ያመጣት እሱ ነው። ከጎረቤት አምባ ሽማግሌ ተልኮባት፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለሚመጣው ጥር ተቆርጦ ነበር። እሷ ደግሞ ባዶ እጄን ከሰው ቤት አልገባም አለች። ዓመቱን ወርቅ አጥቤ ጎጆዬን ላሟላ ብላ ወንድሟን ተከተለች። ወንዶቹ ቆፍረው የሚያወጡትን አፈር ሴቶቹ ውኃ ውስጥ ቆመው በእንጨት ገበታ እያሽከረከሩ ያጥቡታል፤ አፈሩ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ወርቁ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይቀራል። አይናለም እጇ ቀልጣፋ፣ ዓይኗ ንቁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቸሩ ለሰው ሁሉ "የኔ እህት ገበታ ላይ ብናኝ አያመልጥም" እያለ ያወራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይወዳታል። ልጅ ሆና አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው።

ከዚያ እየደከመች መጣች። መጀመሪያ እግሯን በላት፤ በጣቶቿ መሀል የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣና ጠፋ። ቀጥሎ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። እያደረ ከወንዙ እስከሚያድሩበት ዳስ ያለችውን ትንሽ ዳገት ለመውጣት መሀል ላይ መቀመጥ አመጣች። ከንፈሯ ገረጣ፣ መዳፏ እንደ ሊጥ ነጣ፣ ጎንበስ ብላ ስትነሣ ዓለም ይዞርባታል። ቸሩ ያየው ስንፍና ነው። "ሙሽራ ገና ጥር ሳይደርስ መሞላቀቅ ጀመረች" ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እሷም ነውር እንዳይሆን አብራ ፈገግ ትላለች።

ሐመድ ብቻ አንድ ቀን ሬዲዮውን ቀነሰና ጠራው።

"ቸሩ፣ ይሄ እህትህ ታሟል። ዓይኑ ውስጥ ደም የለም፣ ወላሂ። ሐኪም ቤት ይሂድ።"

ቸሩ ሐመድ ሴቷን ሁሉ በወንድ ሲጠራ መሳቅ ልማዱ ነበር። ሳቀ። በአማርኛው ሲስቅ በምክሩም አብሮ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ነገሩን ያመጣው ታምሩ ነው። ታምሩ የእነ ቸሩ አምባ ልጅ፣ የቸሩ ቀኝ እጅ፣ ሰው ሲያጠፋ ለማየት የተፈጠረ የሚመስል ሰው ነው። አንድ የነሐሴ ቀን ቸሩን ወደ ጎን ሳብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህትህ ትውጣለች" አለው።

"ምኑን?"

"አፈሩን። ከጉድጓዱ ግድግዳ እየፈነቀለች ትውጣለች። ወርቅ የሚታይበትን ቦታ መርጣ ነው። ፍተሻው አፍ ድረስ ነው እንጂ ሆድ ድረስ መቼ ይደርሳል?"

ቸሩ ታምሩን ሊመታው ቃጣው። አልመታውም። በማግስቱ የተቆፈረ አፈር ክምር ጀርባ ተጋድሞ ጠበቃት። አይናለም ውኃ ልትቀዳ መስላ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ተጠጋች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ቀዩን እርጥብ አፈር በጥፍሯ ፈንቅላ አፏ ውስጥ ጨመረች። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ የታየው ደስታ ቸሩ ከወራት ወዲህ አይቶባት የማያውቀው ነው። ያናደደው ከመዋጧም በላይ ያ ደስታ ነው። ሌባ ቢያንስ ይፈራል ብሎ ያስብ ነበር።

ማታ ፍተሻው ከእሷ ተጀመረ።

"አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈተች። ቸሩ ጣቱን ጉንጯ ውስጥ ከትቶ ዞር አደረገና አወጣው። ጣቱ ላይ ቀይ አፈር ነበር። ለሁሉም አሳየ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ያምረኛል" አለች ቀስ ብላ።

"ምን?"

"አፈሩ። ሽታው ያምረኛል፣ ወንድምዓለም። እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ ይሸተኛል። ነውር ሆኖብኝ ነው የደበቅሁህ። ምን እንደነካኝ እኔም አላውቅ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው "አፈር የሚያምራት እርጉዝ ናት" አለ። አሁን ሳቁ ተንከባለለ፤ ባል ያላገባች፣ ለጥር ቀን የተቆረጠላት ልጅ ናትና። ቸሩ ፊቱ ሲቃጠል ተሰማው። ደህና ወንድም ቢሆን ይህን ጊዜ እህቱን ይዞ ከሰው መሀል ይወጣ ነበር። እሱ ግን የሚያዩትን ሰዎች ነበር የሚያየው።

"ሁለት ነገር ነው እንግዲህ" አላት። "ወይ አርግዘሻል፣ ወይ ወርቅ ትሰርቂያለሽ። አንዱን ምረጪ።"

አይናለም ትክ ብላ አየችው። የሚቀልድ መስሏት ነበር መጀመሪያ። "ሁለቱም የለብኝም" አለች፤ ድምፅዋ ግን ለሩቆቹ አልተሰማም፤ ትንፋሽ አልነበራትም።

"እንግዲያው ሆድሽ ይናገራል" አለ ቸሩ። "ነገ ጠዋት ኮሶ ትጠጪያለሽ። ዛሬ ማታ ምንም እንዳትሰጧት፤ በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው።"

ኮሶው የታምሩ ነበር፤ እናቱ ስንቅ ስታስይዘው አብራ ያስገባችለት የደረቀ አበባ። ጎህ ሲቀድ ወቀጡት፣ በጥብጠው በትልቅ ጣሳ ሞሉት። አይናለም ግማሹን ጠጥታ አስታወከችው። ቸሩ እንደገና ሞላላት። "ጨርሺ" አላት፤ ልጅ ሆና ወተት አልጠጣም ስትል በሚላት ድምፅ ነበር ያለው፣ እሱም ይህ ታውቆት ጥቂት ደንገጥ አለ። ጨረሰችው። ሸራ ጋረዱላት። ከሥሯ ያስቀመጡላት ወርቅ የምታጥብበትን የራሷን ገበታ ነው።

የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ቸሩ ገበታውን ለማንም አልሰጠም። "የቤቴን ጉድ እኔው አጥባለሁ" ብሎ ወንዙ ዳር ተንበረከከ። ከሌላ ጉድጓድ እንኳ ወሬ ሰምተው የመጡ ነበሩ። ያጠበው ነገር ጥቁር ነው፣ እንደ ሬንጅ ጥቁር። እያሽከረከረ ውኃ ሲያስገባበት እንደ ክር የቀጠኑ፣ ነጣ ያሉ፣ ጫፋቸው ቆልመም ያለ ነገሮች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹ ይላወሱ ነበር። ታምሩ አፍንጫውን ይዞ "ድፋው፣ ድፋው" አለ። ቸሩ ደፋው። የእህቱን ደም ሲመጥጡ የከረሙት ነገሮች በዓይኑ ሥር አልፈው ከውኃው ጋር ሄዱ፤ እሱ የሚፈልገው የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር።

አገኘው። ገበታው ሥር፣ ከጤፍ ቅንጣት የምታንስ፣ ቢጫ።

ሰው ሁሉ "አሃ" አለ። የወርቅ ጉድጓድ አፈር ነው፤ ወርቅ ባይገኝበት ነበር የሚገርመው። ከዚያ ግድግዳ አፈር በልቶ ወርቅ የማያወጣ ፍጡር የለም፤ ፍየልም ብትበላው ታወጣለች። ይህን ግን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ወርቅ የታየ ጊዜ ማሰብ የሚባል ነገር ይቆማል።

አይናለምን ደግፈው አመጧት። መቆም አልቻለችም፤ ልቀመጥ ብላ ለመነች።

"'ወርቅ ነው የዋጥኩት፣ ማሩኝ' በይና ተቀመጪ" አላት ቸሩ።

"ወንድምዓለም..."

"በይ።"

"ወርቅ ነው የዋጥኩት" አለች። "ማሩኝ።"

ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ ጎን ተጋደመች፣ ከዚያ ሲጠሯት መስማት ተወች። ያነሣት ሐመድ ነው። የአንድ ወርቅ ነጋዴ ፒካፕ አስቁሞ ከኋላ አስጫናት። ቸሩ አብሮ ተሳፈረ፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ አንጀቱ አላስችል ብሎት አይደለም፣ ጉድጓዱ ዳር ሰው ከሞተ ፖሊስ ይመጣል፣ ጉድጓድ ይዘጋል ብሎ ነው። መንገድ ላይ፣ ጭንቅላቷ ጭኑ ላይ ሲንከባለል ግን በእጁ ደገፈው። እስከ አሶሳ ድረስ የልብ ምቷ አንገቷ ላይ ሲዘል እያየ ሄደ።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ነርስ ፌቨን ትባላለች፤ የወለጋ ልጅ፣ ፈጣን፣ ሳታደባብስ የምትናገር። የአይናለምን የዓይን ቆብ ገልብጣ አየችና ወዲያው ደም አስቀዳች፣ ሰገራ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ቸሩን ኮሪደር ላይ አስቁማ አነጋገረችው።

"ደሟ አሥራ ሁለት መሆን ሲገባው አራት ገብቷል። በዚህ ደም እንዴት ቆማ ትሄድ ነበር?"

"ትሠራም ነበር" አለ ቸሩ።

"ምን ሥራ?"

"ወርቅ ታጥባለች።"

"በባዶ እግሯ?"

ፌቨን መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። "የአንጀት ትል ነው። ሁክዎርም ይባላል። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ይፈለፈላል፣ በባዶ እግር በኩል ቆዳ በስቶ ይገባል፣ አንጀት ላይ እንደ መንጠቆ ተሰክቶ ደም ይመጥጣል። አንድ ሁለቱ ምንም አይደለም። እሷ ግን አንጀቷን ሞልተውታል። ሌት ተቀን እየደማች ነበር፣ ከውስጥ ስለሆነ ማንም አላየላትም።" ከዚያ ድንገት፣ "አፈር ትበላ ነበር?" አለችው።

ቸሩ ክው አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ደማቸው እንዲህ ሲያልቅ አፈር የሚያምራቸው ብዙ ናቸው። ራሳቸውን መግዛት አይችሉም። ሲታከሙ ይተዋቸዋል፣ ያን ጊዜ ራሳቸውም ይገርማቸዋል።" ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፍ ጻፍ አደረገች። "ሆዷን ያጠበው ምንድነው ደግሞ? ምን አጠጣችኋት?"

"አላውቅም" አለ ቸሩ።

ደም የሚተካላት ሰው ያስፈልግ ነበርና እጁን ዘረጋ። የእሱም ደም ተመርምሮ ለመስጠት ከሚበቃው ልክ ጫፍ ላይ መሆኑን ነገሩት፤ "ይበቃል፣ ግን አንተም ትሉ ሳይኖርብህ አይቀርም" አለችው ፌቨንና ኪኒን በትንሽ ፖስታ ሰጠችው። "ዛሬውኑ ዋጥ። ጓደኞችህን ሁሉ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው፣ መድኃኒቱ እዚያ አለ። ጫማ አድርጉ። ጉድጓድ መቆፈር ታውቁበት የለ፣ ለሽንት ቤትም አንድ ቆፍሩ።"

ደሙ በላስቲክ ተሞልቶ ሲወሰድ ሲያይ ቸሩ ቀለለው። ደሜን ሰጥቻታለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ አለ በልቡ። እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ አንድ ነገር ይሰጥና ሌላውን ሁሉ የከፈለ ይመስለዋል።

በማግስቱ አይናለም ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ትንሽ ቀላ ብሏል። ነርሷ ለእሷም ነግራት ነበር።

"ወንድምዓለም፣ ሰማህ አይደል?"

"ሰማሁ።"

"አልቀየምህም። ሰይጣን ነው በመሀላችን የገባው" አለች። "አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ሐኪሟ ያለችውን ሄደህ ንገርልኝ። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት። ታምሩ ለቤቱ ሳይደውል አይቀርም፣ አምባው ሳይሰማ አይቀርም። ሌባ አይደለችም፣ ታማ ነበር በልልኝ። አንድ ቃል ናት።"

"በእናቴ" አለ ቸሩ። "ዛሬውኑ።"

ሲምል ከልቡ ነበር። በመኪና ሲመለስ ቃላቱን ሲያሰናዳ ነው የመጣው፤ እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፣ ጫማውም ይፈቀድ እላለሁ፣ ብሎ ነበር። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ግን ያልጠበቀው ሰው ጠበቀው። ከወንዙ ላይና ታች ያሉ ጉድጓዶች አለቆች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሌብነት አስመርሮናል፣ የሚዳኘን ሰው አጥተናል አሉ። አንዱ ሽማግሌ ተነሣና፣ "የእናቱን ልጅ ያልማረ ሰው ለማን ያዳላል? ቸሩ ይሁንልን" አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። ታምሩ ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ።

ቸሩ አፉን ከፈተ። "እህቴ..." አለ።

"ተረፈች?" አሉት።

"ተርፋለች።"

"ይኸው፣ ቀጥቶም አሳከመ" አለ ሽማግሌው፣ እንደገና አጨበጨቡ።

ያኔ ቢናገር ምን ይላል? የሾማችሁኝ በሰው ጥፋት ሳይሆን በራሴ ጥፋት ነው፣ የምኮራበት የጫማ ሕግ ነው ልጅቷን ለሞት ያደረሳት ሊል ነው? ሰገራዋን በሰው ፊት አጥቤ ያየሁትን ትል ደፍቼ ወርቁን ብቻ አሳየኋችሁ ሊል ነው? ምላሱን ዋጠ። ነገ እላለሁ አለ። ነገ ደግሞ ዳኝነት ነበረበት። ኪኒኑም ከኪሱ አልወጣም፤ ከታምሩ ጋር አንድ ዳስ ነው የሚያድሩት፣ ሲውጥ ቢያየው ምንድነው ይለዋል። አንድ ጠዋት ፖስታውን እንዳለ ወንዙ ውስጥ ጣለው።

አይናለም ከሆስፒታል ወጥታ አምባ ገባች። በመስከረም ደወለች። ጉድጓዱ አካባቢ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ያገኘችው ቸሩ እዚያ በወጣበት ሰዓት ነው።

"ነገርካቸው?"

"ጊዜ ስጪኝ።"

በኅዳር ደግሞ ደወለች። "ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር" አለች። "ሌባ ቤታችን አናስገባም ብለው ቃላቸውን አነሡ። እናታችን እግራቸው ላይ ወደቀች፣ አሽቀንጥረዋት ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሴቶቹ ከአጠገቤ ቦርሳቸውን ያነሣሉ። ነገርካቸው ወይ፣ ወንድምዓለም?"

"ኔትወርኩ ይቆራረጣል" አለ ቸሩ።

ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። ትንፋሿን ሁሉ ይሰማው ነበር። አይናለም ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ጥር ሠርግ ሳይኖር አለፈ። የቸሩ ስም ግን እስከ ሱዳን ጠረፍ፣ እስከ ኩርሙክ ተሰማ። ሲዳኝ አያዳላም፣ ሲፈርድ አይራራም ተባለለት። ሕጉ በጉድጓዶቹ ሁሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ በወንዙ ዳር ላይ ታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ ጫማውን አወለቀ።

የመጀመሪያው ዝናብ በመጣ ሰሞን ቸሩ ዳገቱን ሲወጣ መሀል ላይ ተቀመጠ። ዕድሜ ነው አለ። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይደልቅ ጀመር፤ ድካም ነው አለ። ሆዱን ቆረጠው፣ ሰገራው ጠቆረ፤ ይህን ግን ምንም አላለም፣ ዞር ብሎ ማየት ነው የተወው። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ታምሩ "ምን ሆነህ ነው?" ሲለው ተመለሰ። ዳኛ አይታመምም፤ ቢታመምም በዚያ በሽታ አይታመምም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ከጉድጓዱ ግድግዳ የእርጥብ አፈር ሽታ ተነሣ። የቸሩ አፍ ውኃ ሞላ። ሥጋ ሲጠበስ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ራቅ ብሎ ሄደ፤ ሽታው ተከተለው። ምራቁን ተፋ፤ እንደገና ሞላበት። ራሱን የሚገዛ ሰው ነበር፣ ሁለት ቀን ታገለ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ጋ ተጠግቶ፣ ቀዩን አፈር በጥፍሩ ፈንቅሎ አፉ ውስጥ ጨመረ። ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ነው የአይናለም ፊት የመጣበት፤ ያ ደስታ ምን እንደነበር ከአንገቱ በታች ባለው ሰውነቱ ሁሉ ገባው። "ያምረኛል" ያለችው ይህ ነው። እንደ ልጅ እንባው መጣ፤ ማላመጡን ግን አላቆመም።

ዓይኑን ሲገልጥ የአፈር ክምሩ ጀርባ ታምሩ ተጋድሞ ያየዋል።

ማታ ሰልፉ ላይ ቸሩ እንደ ልማዱ መጨረሻ ቆመ። "እኔንም ፈትሹኝ" የሚለውን ግን አላለም። የተናገረው ታምሩ ነው። "አፍህን ክፈት።" ጣቱን ጉንጩ ውስጥ አዞረና አወጣው። ቀይ ነበር።

"ሕመም ነው" አለ ቸሩ። "ስሙኝ። በእግር የሚገባ ትል ነው፤ አንጀት ላይ ተሰክቶ ደም ይመጥጣል፣ ደም ሲያልቅ አፈር ያምራል። አሶሳ ሐኪሟ ነግራኛለች። እህቴም ይሄው ነበር የያዛት። ወርቅ አልዋጠችም።"

አንድ ቆፋሪ ራሱን እያከከ "መቼ ነው የነገረችህ?" አለ።

"ያኔ። ነሐሴ።"

"እና እስከዛሬ?"

የመለሰው ታምሩ ነው። "ሲሾም አልነገረን፣ ሌላውን ሲቀጣ አልነገረን፤ ዛሬ ሲያዝ በሽታ ሆነ። እሷም ያኔ በሽታ አላለችም፣ ወርቅ ነው ብላ በአፏ አምናለች። ሁላችንም ሰምተናል።"

"እኔ ነኝ ያስባልኳት!"

"እንግዲያው እሷን እንጠይቃት" አለ ሐመድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ። ሬዲዮውን ዘግቶት ነበር። "እህቱ ይናገር። ታሞ ነበር ካለ፣ ይሄም ታሟል፣ ሐኪም እንወስዳለን። ፍትሕ ነው።"

ሁሉም ተስማሙ። ቸሩ ከሁሉ ቀድሞ ተስማማ። አይናለም መልካም ናት። አልቀየምህም ያለችው በአፏ ነው። ወደ ጉብታው ሲወጡ በየመሀሉ ተቀመጠ፤ ማንም አልጠበቀውም፣ በእጁም በጉልበቱም ብሎ ደረሰ። ታምሩ ደውሎ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተው።

"አቤት" አለች አይናለም። ከኋላዋ ዶሮዎች ይሰሙ ነበር።

"ታምሩ ነኝ። ወንድምሽ አፈር ሲበላ ተይዟል። በሽታ ነው ይላል፣ አንቺም ያኔ ታመሽ ነበር ይላል። ምስክሩ አንቺ ነሽ። ያኔ የበላሽው ምን ነበር?"

ቸሩ አላስቻለውም፤ ወደ ስልኩ ተጎነበሰ። "አይኔ፣ ሐኪሟ ያለችውን ንገሪልኝ። አንድ ቃል ናት።"

ዶሮዎቹ ብቻ ተሰሙ። ታምሩ የተቆረጠ መስሎት ስልኩን አየው፤ አልተቆረጠም።

"ወርቅ ነው የዋጥኩት" አለች አይናለም። ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ትንፋሽ ያለው፣ የጤነኛ ሰው ድምፅ ነበር። "ያኔም ብያችኋለሁ። ቸሩ ራሱ አጥቦ አላሳያችሁም?"

"አይኔ..."

"ኮሶውን ግን ማታ ምንም ሳይበላ አድሮ ስጡት" አለች። "በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው።"

ስልኩ ተዘጋ። ሐመድ ራሱን ነቅንቆ ብቻውን ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ቸሩ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ነገ ጠዋት ገበታው ሥር ምን እንደሚገኝ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ታምሩ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየና፣ ዝናብ ሳይመጣ እንውረድ አለ።